የቀበሌዋ ሠራተኛ ደመወዝ

በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። በመሀል ምን ተፈጠረ?

መልሱ አንድ አይደለም፤ መንገዱም ትምህርቱም ድርሻ አላቸው። አንዱ ትልቅ መልስ ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። መንግሥት በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ ቀጠረ። አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ከ30,000 በለጡ። ጤና ኬላ ተቀምጠው በሽተኛ አልጠበቁም፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ አጎበር፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ አስተማሩ።

ክትባቱንና አጎበሩን በብዛት የገዙት ለጋሾች ናቸው። የሴቶቹን ደመወዝ የከፈለው ግን መንግሥት ነው። የዚህ ልዩነት ትርጉም በ2017 ዓ.ም. ታየ፦ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ፣ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የቀበሌዋ ሠራተኛ ግን በመንግሥት መዝገብ ላይ ነበረች።

የቀረው ሥራ የበለጠ ውድ ነው። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናት በ2008ቱ ጥናት ከ1,000 29 ነበሩ፤ በ2011ዱ 33። እነዚህን ቤት ለቤት መዞር ብቻ አያድናቸውም። አዋላጅ፣ ኦክስጅን፣ መብራት የማይጠፋበት ሆስፒታል ይፈልጋሉ። ይህንንም በለጋሽ ገንዘብ ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል 2017 አሳይቷል።