«እጥረት»ና «ዝውውር»፦ የአንድ ሕመም ስም ታሪክ

ስለ ሙያ ቃላት ሲወራ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ፣ ቃሉ እንዳለ ይወሰድ ወይስ ይተርጐም የሚል ነው። ከዚህ የማያንሰው ጥያቄ ግን፣ የሚተረጐመው ስም ራሱ የነገሩን ባሕርይ ይገልጻል ወይ የሚለው ነው። ለዚህም ማስረጃ ይሆነን ዘንድ፣ ሕፃናትን የሚያጠቃና በዘር የሚተላለፍ፣ እምብዛም የማይገኝ አንድ ሕመም የተጠራባቸውን ስሞች እንመረምራለን።

ጆን ሜንኪስና ባልደረቦቹ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከአንድ ቤተ ሰብ የተወለዱ አምስት ወንዶች ሕፃናትን ሕመም ገለጡ። የሕፃናቱ ጠጉር የተጠማዘዘና የሚሰባበር ስለነበረ፣ ሕመሙ በእንግሊዝኛ «የከርዳዳ ጠጉር ሕመም» እስከ መባል ደረሰ። ይህ ስም ከተወለደበት አገር ጋር የተጣበቀ ነው። በአገራችን ከርዳዳ ጠጉር የጤነኛ ሕፃን መልክ ስለሆነ፣ ቃል በቃል ቢተረጐም ሕመሙን ከመግለጥ ይልቅ ይሸሽገዋል።

በ1972 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ሐኪም ዴቪድ ዳንክስ የሕፃናቱ ጠጉር መዳብ ያነሳቸውን በጎች ጠጉር እንደሚመስል አስተውሎ፣ የሕመሙን ሥር ከመዳብ ጋር አገናኘው። መዳብ ወደ አንጀት ሕዋሳት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ደም ሊሻገር ግን አይችልም። የዚህ ምክንያት የሆነው በራሂ በ1993 እ.ኤ.አ. ታወቀ። መዳብ ካልደረሳቸው የሰውነት ክፍሎች መካከል የደም ሥሮችና አያያዥ ሕብረ ሕዋሳት ስለሚገኙበት፣ ትውከት፣ ተቅማጥና የመመገብ ችግር ከመታየታቸውም በላይ በጨጓራ ውስጥ ፖሊፕ ሊበቅልና ሊደማ ይችላል።

ከዚህ በኋላ «የመዳብ እጥረት» የሚለው ስም ትክክለኛ ይመስላል። ሆኖም ሐዋሳ በምትገኝበት በስምጥ ሸለቆ ይህ ቃል ሌላ ባለቤት አለው። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንስሳት ሕክምና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የበግና የፍየል ግልገሎችን የኋላ እግር የሚያዳክም፣ ከመዳብ ማነስ ጋር የተያያዘ በሽታ መኖሩን ገልጧል። የግልገሉን በሽታ መዳብ ባለው መኖ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ለሕፃኑ ግን በአፍ የሚሰጥ መዳብ አንጀቱ ላይ ስለሚቀር አይጠቅመውም፤ በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመርፌ የተጀመረለት እንደ ሆነ ነው አንዳንዱ የሚረዳው። እንግዲህ «እጥረት» የሚለውን ቃል የሰማች እናት ጥፋቱን በምግቧ ወይም በጡቷ ላይ ብትፈልግ፣ ስሕተቱ የእርሷ ሳይሆን የቃሉ ነው። ውድ የሆኑት ሳምንታትም በዚሁ ያልፋሉ።

ስለሆነም «የመዳብ እጥረት» ለመኖውና ለምግቡ ጉድለት ተጠብቆ፣ ሕመሙ «የሜንኪስ የመዳብ ዝውውር ጉድለት» ቢባል የተሻለ መስሎ ይታየናል። የሰው ስም መጨመሩ ለጌጥ አይደለም፤ መዳብ በጉበት ከሚከማችበት ከዊልሰን በሽታ ለመለየት ነው። «ነሐስ»ም፣ በዐረብኛ ያለው ዘመዱ መዳብን ቢያመለክትም፣ በአማርኛ የቅይጥ ማዕድን ስም ስለሆነ በ«መዳብ» ምትክ ሊገባ አይገባም። ለወላጆች በሚጻፈው ግን ከስሙ ቀጥሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይከተል፦ «መዳቡ ከልጁ አንጀት አይሻገርም።»