ራምቦ ያላደረበት ቤት

ሐረር የሄደ ሰው ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ሲወርድ ልብስ ሰፊዎቹን በየመኪናቸው ላይ አጎንብሰው ያገኛቸዋል። ጥቂት ራመድ እንዳለ አንድ ልጅ ጠጋ ይልና «ራምቦ ቤት?» ይለዋል። ቤቱ ከእንጨት የተሠራ፣ ፊቱ በቅርጽ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ ባለ ፎቅ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርተር ራምቦ ነው። ነገር ግን ራምቦ አንዲት ሌሊት እንኳ አላደረበትም፤ ሊያድርበትም አይችል። ቤቱን ያሠራው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ የሕንድ ነጋዴ ሲሆን፣ ራምቦ የሞተው በ1891 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ታዲያ ባለቤትነቱ እንዴት ወደ ራምቦ ዞረ? ነገሩ ራቅ ካለ ዘመን ይጀምራል። የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ከታጠረ ወዲህ ከተማይቱ በአምስት በሮች ትወጣና ትገባ ነበር። ከዘይላ ጨርቅ ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ፣ ከገጠር ቡና ይዞ የሚገባው ገበሬ፣ ቁርአን ሊማር የሚመጣው ደረሳ፣ ሐረርን ሐረር ያደረጓት እነዚህ ናቸው። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ግን ዝግ ከተማ አሏት። ሪቻርድ በርተን የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን በጥር 1855 ገብቶ 10 ቀን ሰነበተ፤ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉን አሳተመ። ከዚያ ወዲያ ለፈረንጅ አንባቢ የሐረር ታሪክ ከበርተን ይጀምራል። ዝግ የነበረችው ለማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም የለም።

በርተን በገባ በ20 ዓመቱ፣ በ1875፣ ግብጾች በራኡፍ ፓሻ አዝማችነት ከተማይቱን ያዙና እስከ 1885 ገዙ። ራምቦ የመጣው በእነሱ ጊዜ ነው፤ በ1880 መጨረሻ፣ ለአንድ የኤደን ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ። ግጥሙን ከተወ ቆይቷል። በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ጥቂት ፎቶግራፎች አነሣ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ራሱ ቆሟል። እንዲያው እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለሐረር ከሆነ ከቅኔው ሁሉ እነዚያ ጥቂት ፎቶግራፎች ይበልጡብኛል። በአንደኛው አንድ ዳውላ ሠሪ ከዕቃው መካከል ተቀምጦ ይታያል። የራምቦን መልክ ዓለም ያውቀዋል፤ የዳውላ ሠሪው ስም እንኳ አልተያዘም።

ኋላ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ከምኒልክ ጋር ተዋዋለ። ምኒልክም በ1887 በጨለንቆ አሚር አብዱላሂን ድል ነሥተው ሐረርን ያዙ፤ ግዛቱ ለመኰንን ተሰጠ። ራምቦ በ1891 እግሩ ታሞ በ16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ቱሪስት የሚባለው ነገር በደንብ የመጣው በ1960ዎቹ፣ የ13 ወር ፀጋ በሚባልበት ዘመን ነው። ጅብ ማብላቱም ትርኢት የሆነው ወደዚያው ግድም ነው። ለጅቦች በአሹራ ቀን ገንፎ መስጠት ግን የቆየ ልማድ ነው፤ ቱሪስት የሚያየው የሥጋውን ነው፣ የገንፎውን አይደለም። ከዚያ የ1977ቱ ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ፤ ሐረር ራሷ ሳትያዝ ለጥቂት ተረፈች።

ሰላም ሲመለስ ለፈረንጅ የሚታወቅ ስም ተፈለገ፤ ራምቦም ቤት አገኘ። መቼም ቤቱ መጠገኑ አልከፋም፤ ውስጡ ያሉት የድሮ የሐረር ፎቶግራፎችም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። የእኔ ጠብ ከስሙ ጋር ነው። የሕንዱን ነጋዴ ማን ያነሣዋል?

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በራስ ተፈሪ ስም የሚጠራው ቤት አለ፤ እሱንም ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው ይላሉ። በ2007 የአብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ስብስብ ከራሱ መኖሪያ ወደዚህ ተዛወረ። ሰውየው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከየቤቱ የለመነውና የገዛው ነው፤ የብራና ያይደለ የወረቀት መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ጌጥ፣ ሰይፍ፣ ስፌት፣ በቴፕ የተቀዳ ዘፈን። ጀጎል በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መቃብር ተቆጥረውላት ነበር። በሳጥን ውስጥ የተቀበረውን ግን የቆጠረ መንግሥት አልነበረም። መጻሕፍቱ ከእጁ ሲገቡ ብዙዎቹ የተቦጫጨቁ ነበሩ፤ የሐረር ጥረዛ ሙያም ጠፍቶ ስለነበር፣ አብዱላሂ አሮጌዎቹን መጻሕፍት እየፈታ ስፌታቸውን እያየ ራሱ ተማረው።