ማሽኑን የሸጠው ኳሱ ነው

አዳማ አድጎ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የማያውቅ ካለ እስኪ እጁን ያውጣ! ሞጆና ሻሸመኔ ያላችሁም አልተረሳችሁም። «የተሸነፈ ይከፍላል» በሚባልበት በዚያ ቤት ንጉሡ ጌም ኳስ ነበር። የፕሌይስቴሽን 2ን ዕድሜ ያራዘመውም ኳስ ነው እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶኒ ማሽኑን በ2000 አወጣ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 መጣ። አሮጌው ግን ከገበያ አልወጣም። ለምን? ፊፋ በየዓመቱ፣ ልክ በእኛ መስከረም፣ አዲስ ዝውውርና አሰላለፍ ይዞ ለእሱም ይወጣ ነበራ! ፔስም እንዲሁ።

ለቤቱ ባለቤት ሒሳቡ ቀላል ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ቡድኑን ከነአዲስ ፈራሚው ነው፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ማሽን ከመግዛት አዲስ ሲዲ መግዛት ይረክሳል። አሰላለፉ ያረጀበት ቤት ግን ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄድበታል።

ሶኒ ከ160 ሚሊዮን በላይ ከሸጠ በኋላ፣ በ2013 መጀመሪያ ምርቱን አቆመ። ፊፋ 14 ግን በዚያው ዓመት መስከረም ለዚሁ ማሽን ወጣ! ከዚያ ወዲያ አዲስ ፊፋ አልወጣለትም። እንግዲህ ፕሌይስቴሽን 2 ያረጀው ተተኪው ሲመጣ ሳይሆን ኳሱ ሲለየው ነው። አዲስ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ጌሙን ጠይቁ!