ዜና ፍኖተ ስሜን

ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን ሜዳ አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ጥቂት እንደሄደ ምድር ከእግሩ በታች ተቆርጣ ትቀርበታለች። ወዲህ ደጋ ነው፣ ወዲያ ቆላ። ገደሉን ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሊማሊሞ ይባላል፤ የገደሉን አፋፍ ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው ወደ ስሜን ተራሮች ይወስዳል። በእነዚህ ሁለት መንገዶች ማን እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ወረደ እንጽፋለን።

አስቀድሞ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወጣ። ስሙ ጠፍቷል፤ ገድሉን ያስቀረጸበት የድንጋይ ዙፋን ግን በአዱሊስ ቆሞ ነበርና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ጽሑፉን ገለበጠው። ንጉሡም ከወንዝ ማዶ፣ በማይደረስበት ተራራ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ፣ በአገራቸውም በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ አስጻፈ። ወንዙ ተከዜ ነው ይላሉ ሊቃውንት። ሠራዊቱን በዚያ ገደል መርቶ ያወጣው ማን እንደ ሆነ ግን ድንጋዩ አልተናገረም።

ከብዙ ዘመን በኋላም ተራራው የቤተ እስራኤል ምሽግ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ዓፄ ሠርፀ ድንግል በአለቃቸው በረዳኢ ላይ ዘመተ። አምባውም ከተያዘ በኋላ አንዲት ምርኮኛ ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትነዳ የፈጣሪዋን ስም ጠርታ ራሷን ወረወረች፤ ማራኪዋም አብሮ ወደቀ። የንጉሡ ጸሐፊ የጌታውን ድል ሊጽፍ ወጥቶ የጠላቱን ወገን ድፍረት አድንቆ ጻፈ። የሴቲቱን ስም ግን አልጠየቀም።

ጎንደር ከተቆረቆረች ወዲህ ሊማሊሞ የምጽዋ መንገድ በር ሆነ። ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ ከአድዋ ይነሣል፣ ተከዜን ይሻገራል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ በኬላ ቀረጥ ይከፍላል። ሲመለስም የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይወርዳል። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በዚሁ መንገድ ወደ ጎንደር ወጣ። በ1824 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ወደ ስሜን ገባ፤ ባላገሩ ሲያውቃት የኖረችውን ዋልያንም ለአውሮፓ የሳይንስ ሰዎች አስተዋወቀ።

በዚያ ወራት የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበረ። በጃናሞራ ደረስጌ ማርያምን አሠራ፤ ዘውድ የሚደፋባትም እርሱ እንደ ሆነ ተስፋ ያደርግ ነበር። ነገር ግን የቋራው ካሣ ኃይሉ ሌሎቹን መሳፍንት ድል አድርጎ መጣበት። በ1847 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን ተዋጉ፤ ውቤ ተማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ባሠራት ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ካሣን ቀቡት፤ ስመ መንግሥቱም ቴዎድሮስ ተባለ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ ልዑል ዓለማየሁንም ወለደች። የውቤ የወንድም ልጅ ጣይቱ ብጡልም ኋላ እቴጌ ሆነች።

ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሊማሊሞን በመኪና መንገድ ጠመዘዘው፤ የሲራራው መንገድም እያደር ተተወ። የላይኛው ግን የእግርና የበቅሎ ሆኖ ቆየ። በ1962 ዓ.ም. ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ታወጀ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ተመዘገበ። እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ ዋልያው እያነሰ ቢሄድ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ተቈጠረ። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ከመዝገቡ የወጣው በእነርሱም ኪሳራ ነውና ይህም ይጻፍ።

የዛሬ ጎብኚ እንዲህ ይሄዳል። ደባርቅ ላይ የመግቢያውን ይከፍላል፤ አስጎብኚና ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ይሰጡታል። ባለ በቅሎው ድንኳኑንና ስንቁን በሁለት ወገን አመዛዝኖ በመጫኛ ይጠፍራል። ጭነቱ ወዳንድ ጎን ካዘነበለ በገደል አፋፍ በቅሎዋን ይዟት እንደሚሄድ ያውቃልና ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ያቆማታል፣ በእጁ ይፈትሻል፣ መጫኛውን ዳግም ያጠብቃል። በሳንቃ በር ካምፕ ያድራሉ። ሲነጋም ጭላዳ ዝንጀሮ ካደረበት ገደል በመንጋ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል፤ የወንዱ ደረት ቀይ ነው፣ ጎፈሬውን ነፋስ ይበትነዋል። ከዚያም የጅንባርን ፏፏቴ አይተው ወደ ግጭ ይወጣሉ። በጓሳው መካከል ጅብራ ቆሟል፤ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ከጭነቅ ካምፕ ዋልያ በገደሉ እርከን ላይ ትታያለች። ጉልበት ያለው ቧሂትን ተሻግሮ፣ ወደ መሽሐ ወንዝ ወርዶ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ራስ ዳሸን ይወጣል።

በዚህ መንገድ ያለ መሪ የወጣ ንጉሥ የለም፤ ነጋዴም የለም፤ ፈረንጅም የለም። ጉሙ ሲወርድ መርገጫውን፣ ወንዙ ሲሞላ መሻገሪያውን የሚያሳየው ባላገሩ ነው። ጸሐፊዎች ግን የተመሪውን ስም ጻፉ፣ የመሪውን ተዉት። የዛሬ ጎብኚም ከተራራው ወርዶ ያየውን ሲጽፍ ከራስ ዳሸን ከፍታ አስቀድሞ የባለ በቅሎውን ስም፣ ፈቅዶ ከነገረው፣ ከነአባቱ ይጻፍ፤ ከአዱሊስ ዙፋን ጀምሮ የጎደለው እርሱ ነውና።