ከ«አቤት» ወደ «ካሣ»፦ በገበያ ቤት ወለል ላይ የወደቀ ሰው አቤቱታ በታሪክ ዓይን

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። አንዲት ሴት ሱፐርማርኬት ገብታ ዘይት በፈሰሰበት ሴራሚክ ላይ ወደቀች፣ እጇም ተሰበረ እንበል። ሠራተኞቹ ያነሷታል፤ ወንበርና ውኃ ያቀርቡላታል፤ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» ይሏታል። እርሷም አመስግና ትሄዳለች። ይህች ሴት ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብት እያረጋገጠላት፣ ስለ ምን ምስጋና ብቻ ተናግራ ወጣች? መልሱን ከሕጉ አንቀጾች ይልቅ በአቤቱታ ታሪካችን ውስጥ እናገኘዋለን የሚል እምነት አለኝ።

ድጥና ወለል

ዛሬ በምንገኝበት በየካ ክፍለ ከተማ መውደቅ አዲስ ነገር አይደለም። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በክረምት ድጡን ያውቁታል። እዚያ የሚወድቅ ሰው የሚከሰው የለውም፤ ዝናቡ የሰማይ ነው፣ ቁልቁለቱም የተራራው። ሱፐርማርኬት ግን ከዚህ ይለያል። ወለሉን የመረጠው፣ ያነጠፈው፣ የሚወለውለው፣ ዘይቱንም በመደርደሪያ ላይ የደረደረው ሰው ነው። እኛ ግን ከተራራው የለመድነውን አስተሳሰብ ይዘን ወደ ገበያ ቤቱ ገባን፤ የሴራሚኩንም መውደቅ እንደ ድጡ መውደቅ ቆጠርነው።

ቋንቋችን ግን ከእኛ የተሻለ የሕግ አዋቂ ነው። «ወደቅሁ» ሲባል የግሡ ባለቤት ወዳቂው ነው። «አዳለጠኝ» ሲባል ግን ወዳቂው ተሳቢ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሌላ ነገር ነው። «ያዳለጠሽ ምንድን ነው? የማንስ ነው?» የሚለው የሕግ ጥያቄ በግሡ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

አቤቱታ እንደ ምሕረት ልመና

በጥንቱ ማኅበረሰባችን የካሣ ሐሳብ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። ይህን ድንጋጌ የቤተ ክህነት ሊቃውንት ለዘመናት አስተምረውታል። በየአገሩ ሽማግሎች ለደም፣ ለአካልና ለንብረት ጉዳት ካሣ ሲቈርጡ ኖረዋል። ባለጉዳዮችም በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ፊት ለፊት ተከራክረዋል።

ይህ ሥርዓት ግን የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነበር። ሽምግልና ፊት ይፈልጋል። በሾላ ገበያ ቅቤና በርበሬ የምትሸጠውን ሴት ሰፈሩ ያውቃታል፤ ባሏም፣ ጎረቤቷም፣ የነፍስ አባቷም ይታወቃሉ። ሱፐርማርኬት ግን ብዙ ጊዜ በንግድ ማኅበር ስም የሚሠራ፣ ፊት የሌለው ሰው ነው። ሽማግሌ ልኮ የማኅበሩን በር የሚያንኳኳ የለም።

ከሽማግሌ በላይ ለሆነው በደል የነበረው መንገድ ወደ ላይ መጮኽ ነው። «አቤቱታ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«አቤት» የወጣ ነው፤ ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚጠራ ሰው ድምፅ ነው። ሕዝቡ በንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ላይ ቆሞ «ጃንሆይ!» ይል ነበር። የዙፋን ችሎትም በፍርድ ቤት የተረታውን ሰው ጉዳይ እንደገና ይሰማ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብን፣ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ማለትን በመብትነት አስፍረዋል። መብቱ ግን የመጠየቅ እንጂ የማግኘት አልነበረም። ከዚህ ታሪክ የወረስነው ልማድ ግልጽ ነው፦ አቤቱታ የሚቀርበው ለበላይ ነው፤ የሚጠበቀውም ርኅራኄ ነው።

የ1952ቱ መገለባበጥ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ግንኙነት ገለበጠው። በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው ይህ ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ጉዳቱን እንዲክስ ደነገገ። በአንቀጽ 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ተጠያቂ መሆኑን ተናገረ። የ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ የሕንፃ ባለቤትን ተጠያቂ ያደረገው ሕንፃው በጥገና ጉድለት ወይም በአሠራር ጉድለት ሲፈርስ ነበር። የእኛ ሕግ ከምንጩ ይልቅ ለተጎጂው ያደላል።

እዚህ ላይ ለሕግ ተማሪዎች የሚሆን ክርክር አለ። የተሰበረ ደረጃ ወይም የተነቀለ ሴራሚክ የሕንፃው አካል ነውና አንቀጽ 2077ን ለመጥቀስ ያመቻል። የፈሰሰ ዘይት ግን የሕንፃው አካል ነው ማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከሳሿ ወደ ጥፋት ማስረዳት ትመለሳለች። ዘይቱን ሳይጠርግ የተወው ሠራተኛ ከሆነ በአንቀጽ 2129 እና 2130 መሠረት አሠሪው ይጠየቃል። እርሷም ማስጠንቀቂያውን አይታ ቸል ብላ ከሆነ በአንቀጽ 2098 መሠረት ካሣው ይቀነስባታል እንጂ ሁሉንም አታጣም። ክሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው አስፍሯል። አዋጁ ግን የሚናገረው ዕቃ ወይም አገልግሎት ስለሚገዛ ሰው ነው። ገና ደረሰኝ ሳትቀበል የወደቀችው ሴት ሸማች ናት ወይስ አይደለችም? ይህ ጥያቄ ቢያከራክርም፣ የ1952ቱ ሕግ ገዢና መንገደኛ ሳይለይ ያቅፋታል።

ከሊቨርፑል የሚገኝ ትምህርት

በ1974 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ አንዲት ደንበኛ በቴስኮ ሱፐርማርኬት ወለል ላይ በፈሰሰ እርጎ አዳልጧት ወደቀች። እርጎው መቼ እንደ ፈሰሰ የሚያውቅ ምስክር አልነበረም። ሱፐርማርኬቱ ወለሉ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ እንደሚጠረግ ተከራከረ። በ1976 እ.ኤ.አ. የይግባኙ ፍርድ ቤት በድምፅ ብልጫ ለደንበኛዋ ፈረደ፤ ጥንቃቄ ቢደረግ የማይደርስ አደጋ ከደረሰ፣ ወለሉን የሚቈጣጠረው ወገን ጥንቃቄ ማድረጉን ያስረዳ አለ። የተፈረደው ካሣ 137 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር። ትንሹ ገንዘብ ግን የማስረዳትን ሸክም ወደ ሱቁ አዞረ። ይህ የሆነው ሕግ አውጪ ስላወጀው አይደለም፤ አንዲት የወደቀች ሴት «ይሁን» ብላ ስላልሄደች ነው።

የሺህ ብሩ ጉዳይ

የእኛ ሕግ ሳይነካ መኖሩ ያስከተለውን በአንድ ቁጥር ላሳያችሁ። አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 የኢትዮጵያ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ከሃምሳ ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፣ ገንዘቡ ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ለደራሲ የሞራል ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። መጽሐፉ የተሰረቀበት ደራሲ ሕመም ቢያንስ መቶ ሺህ፣ በሕዝብ ፊት ወድቃ አጥንቷ የተሰበረ ሴት ሕመም ቢበዛ አንድ ሺህ! ደራስያን ተደራጅተው፣ ጽፈው፣ ጮኸው ነበር። የወደቁት ግን ማኅበር የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው ሄደዋል።

ማጠቃለያ

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። የእኛ ወዳቂ ግን ምሳር አልበዛበትም፤ የበዛበት ማጽናኛ ነው። ማጽናኛን አልነቅፍም፤ ውኃና ወንበር ማቅረብ ደግ ባህላችን ነው። ነገር ግን ማጽናኛ ካሣን ሊተካ አይገባም። ጉዳት የደረሰበት ሰው በዕለቱ አቤቱታውን በጽሑፍ ለሥራ አስኪያጁ ይስጥ፤ የተቀበለበትን ፊርማ ይያዝ፤ የሕክምና ማስረጃውን፣ ደረሰኙንና የምስክሮቹን ስም ያስቀምጥ። የደህንነት ካሜራው ምስል እንዳይጠፋም ይጠይቅ።

ይህን የምለው እንደ ሕግ አማካሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ታሪክ መምህርም ነው። ታሪክ ከሰነድ ይጻፋል፤ ዳኛም በቀረበለት ላይ እንጂ ባልቀረበለት ላይ አይፈርድም። ያልተጻፈ አቤቱታ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ አይሆንም፤ ለእኛም ምንጭ አይሆንም። ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ወደ ፍርድ ቤቶች መዛግብት ሄዳችሁ የወደቁ ሰዎችን ክስ ፈልጉ። ያገኛችሁትም ያጣችሁትም ስለዚህች ከተማ ብዙ ይናገራል።