ሰምና ሰማ

ሰም ሲባል የእኛ ሰው ወርቁን ይጠብቃል። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ሌላው ጎረቤቱ ነው፤ ሰማ። ጧፍ የሚሠራበት ሰምና ጆሮ የሚሠራው ሥራ በአማርኛ ሲጻፉ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው።

ግእዙ ዘንድ ሲኬድ ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ዐይኑ ዐ አለባቸው፤ ሰምዐ አለ ለሰማ፣ ሠምዕ አለ ለሰም። እንዲህ ተቀራርበው ግን ዘመድ አይደሉም። ምስክሩ ዐረብኛ ነው፤ መስማትን በሰ «ሰሚዐ»፣ ሰምን በሸ «ሸምዕ» ይላል። ዐረብኛ ሸ የሚልበት ቦታ ላይ በግእዝ የሚጠበቀው ንጉሡ ሠ ነው፤ እነሱ «ዐሽር» ያሉትን እኛ ዐሠርቱ እንዳልነው። ጸሐፍት እሳቱን ሰና ንጉሡን ሠ ሲያቀያይሩ ኖሩ፣ አማርኛም የጉሮሮውን ዐ ዋጠው፤ ባዕዳኑ ቃላት አንድ ቤት ገቡ።

በተግባር የተገናኙት ደግሞ ባሕር ላይ ነው። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ኦዲሲ 12ኛ ክፍል፣ ጀግናው ኦዲሴየስ ዘፈናቸው መርከበኛ የሚያጠፋ ሴይሬኖች ዘንድ ሲደርስ የቀዛፊዎቹን ጆሮ በሰም ይደፍናል። መጀመሪያ ሰሙን በእጁ ያሸዋል። ጧፍ ሲጠቀለል ያየ ሰው ይህን አይስተውም፤ ቀዝቃዛ ሰም ይሰነጠቃል፣ መዳፍ ያሞቀው ግን እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ዛሬም ዋናተኞች በጣት እያላወሱ የሚጠቀጥቁት የሰም ወይም የሲሊኮን የጆሮ መድፈኛ አለ። ቀዛፊዎቹ የፈሩት ድምፁን ነበር፤ የዛሬዎቹ የሚፈሩት ቅዝቃዜውን ነው።

በተለይ ሰርፈሮች፣ በጣውላ ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱት። (የሃዋይ ሰዎች ጨዋታውን «ሄኤ ናሉ» ይሉታል፤ የማዕበል ሸርታቴ እንደማለት ነው። ምንጩ በውል ካልታወቀው «ሰርፍ» ይልቅ ይህኛው ለጆሮዬ ይጥማል።) በሰሜን ካሊፎርኒያ ዳርቻ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ19 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃና በነፋስ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ጆሮ አጥንት ሊያበቅል ይችላል። የጆሮ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ቆዳው ስስ ነው፣ ወዲያው ከሥሩ አጥንት አለ፤ ብርዱ ያንን አጥንት ይቆሰቁሰዋል። ቀዳዳው ይጠብባል፣ ውሃና ኩክ መውጫ ያጣሉ፣ ጆሮ ያመረቅዛል፣ መስማትም ይደክማል። የበቀለው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ሐኪም በመሰርሰሪያ ወይም በመሮ ያነሳዋል።

ስሙ ግን አላማረኝም። እንግሊዝኛው «የሰርፈር ጆሮ» ብሎ ጥፋቱን በጣውላው ላይ ይጥላል። በ2019 የታተመ ጥናት የ23 ኒያንደርታሎችን ቅሪት መርምሮ በግማሽ ያህሎቹ ላይ ይኸንኑ እድገት አግኝቷል፤ እነሱ ደግሞ ሰርፍ አልተጫወቱም! ሐኪሞች «ኤክሶስቶሲስ» ይሉታል፤ በግሪክ ኤክስ ወደ ውጭ፣ ኦስቴዮን አጥንት። ለአጥንቱ ወደ ውጭ ነው፤ ለባለ ጆሮው ግን የሚመጣው ወደ ውስጥ ነው።

አማርኛ በስም አወጣጥ ረገድ ዐይኑን ያምናል። ጆሮ ደግፍን ተመልከቱ፤ ከጆሮ ሥር ያበጠውን አይቶ ጆሮን የሚደግፍ ነገር አስመሰለው፣ አበቃ። ለዚህኛው ስም አውጣ ብባል «ጆሮ ድፍን» እላለሁ፤ ሕመምተኛውም ቢሆን የሚለው «ጆሮዬ ተደፈነ» ነው።

እንግዲህ አጥንት እንዳይደፍነው ቀድሞ በሌላ ነገር መድፈን ነው፤ በመድፈኛ፣ ከላዩም ራስና ጆሮ በሚሸፍን የኒዮፕሪን ጎማ ቆብ። ችግሩ፣ ጆሮውን የደፈነ ሰርፈር ከኋላው የሚመጣውን የጓደኛውን ጩኸት አይሰማም፤ ስለዚህ ብዙዎች መድፈኛውን አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። አሁን የሚሠሩት አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ በስስ መረብ የተሸፈነች ጠባብ ቀዳዳ አለቻቸው፤ ውሃው እዚያው ይቀራል፣ ድምፁ ያልፋል።