በፎርድ ወደ ማዕበል አገር

ጠጋ በሉማ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአምስት ጓደኛሞችንና የአንዲት ፎርድ መኪናን ታሪክ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1968፣ ወሩ ሐምሌ፣ አገሩ ካሊፎርኒያ፣ ከተማይቱ ደግሞ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር የተቀመጠችው ቬንቱራ።

መኪናይቱ ኢኮኖላይን የሚሏት ቫን ነች። ምን ያልተጫነባት አለ? የሰርፍ ሰሌዳ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ የተራራ መውጫ ገመድ፣ መኝታ፣ ድስት፣ በዚያ ላይ የ16 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራ። የሚሄዱት ወደ ፓታጎንያ ነው፣ ወደ ደቡብ አሜሪካ ጭራ። እዚያ ፊትዝ ሮይ የሚባል የግራናይት ተራራ አለ፤ ቁመቱ 3,405 ሜትር፣ ገጽታው እንደ ግንብ ቀጥ ያለ። እስከዚያ ድረስ ሰዎች ጫፉን የረገጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በ1952 ፈረንሳዮች፣ በ1965 አርጀንቲናውያን። ሦስተኞቹ እኛ እንሁን ብለው ነው የተነሡት። ግን ደግሞ አልቸኮሉም። በአውሮፕላን መሄድ ሲቻል መኪና የመረጡት በየመንገዱ ሞገድ ስላለ ነው።

ከሰዎቹ ውስጥ ኢቮን ሹናርድን በቅድሚያ ላስተዋውቃችሁ። ሹናርድ ቀጥቃጭ ነው። እኛ አገር ቀጥቃጭ ማረሻውን ሠርቶልን፣ ማጭዱን ስሎልን፣ ዞር ሲል "ቡዳ ነው" ብለን የምናማው ሰው ነበር። ሹናርድ ግን ማንም ሳያስገድደው በ1957 ከአሮጌ ብረት መጣያ ምድጃና መስፍ ገዝቶ፣ ያለ አስተማሪ ብረት መቀጥቀጥ ጀመረ። የሚሠራው ፒቶን ነው፤ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ገመድ የሚታሠርበት የብረት ችካል። አንዱን በአንድ ዶላር ተኩል ይሸጣል። መስፉን መኪናው ላይ ጭኖ የካሊፎርኒያን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ይዞራል፤ ሞገድ ካለ ይዋኛል፣ ሞገዱ ሲሞት መስፉን አሸዋው ላይ አውርዶ በመሮና በመዶሻ ብረቱን ይቆርጣል። ገቢው ግን ምን ያህል ነው? አንድ በጋ የተጨረመተ የድመት ምግብ ጣሳ በርካሽ ገዝቶ እሱን እየበላ ከረመ። የድመት ምግብ ነው ያልኳችሁ፣ በደንብ ሰምታችኋል።

ሁለተኛው ዳግ ቶምፕኪንስ ነው። ዛሬ በከተማችን ወጣቶች ጀርባ ላይ ስሙን የምታነቡት ኖርዝ ፌስ የእሱ ሱቅ ነበር። በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲከፍተው ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ተጫውቷል። ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ሸጠውና ዐይኑን ወደ ደቡብ ጣለ። ቤት ውስጥ ሚስቱ ሱዚና ሁለት ሕፃናት ሴት ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። የወንዶች የጀብዱ ታሪክ ሲተረክ ልጅ ይዛ የቀረችው ሴት አትነሣም። ሱዚ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በዚያው በ1968 ጄን ታይዝ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ቀሚስ መስፋትና መሸጥ ጀመረች። ያ ሥራ አድጎ ኋላ ላይ ኤስፕሪ የተባለው ታላቅ የልብስ ኩባንያ ሆነ። እኔን ብትጠይቁኝ የዚያ ዓመት ትልቁ ሥራ የተሠራው ቫኗ ውስጥ አይደለም።

ሌሎቹ ሦስቱ በበረዶ መንሸራተቻ ፍጥነት የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ የነበረው ዲክ ዶርወርዝ፣ ካሜራውን የያዘው ሊቶ ቴሃዳ ፍሎሬስና እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ክሪስ ጆንስ ናቸው።

እናላችሁ፣ ጉዞ ተጀመረ። ሜክሲኮ፣ ጓቴማላ፣ እያሉ ወደ ታች። አስፋልት ሲያልቅ ኮሮኮንች፣ ኮሮኮንች ሲያልቅ አሸዋ። ሲመሽ ውኃ ዳር ያድራሉ፤ ሲነጋ መጀመሪያ የሚያዩት ባሕሩን ነው።

ባሕር ለራቀን ለእኛ ነገሩን ላስረዳ። ሰሜኑ በጋ ሲሆን ደቡቡ ክረምት ነው። በሐምሌ፣ ከታች ወደ አንታርክቲካ በሚጠጋው ውቅያኖስ ላይ፣ የሚያግደው የብስ የሌለበት ነፋስ ውኃውን ቀንና ሌሊት ይገርፈዋል። እዚያ የተነሣው ሞገድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ነፋሱ ከኋላ ይቀራል፤ ሞገዱ እየለሰለሰ፣ በሰልፍ በሰልፍ እየሆነ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ዳርቻ ይደርሳል። ውኃው ጥልቀት ሲያጣ ሞገዱን ከሥር መሬት ይይዘዋል፣ ከላይ ያለው ይቀድምና ይደፋል። ሰርፈኛ ሰሌዳው ላይ በደረቱ ተኝቶ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው። ሲመጣለት በሁለት እጁ ይቀዝፋል፣ ሰሌዳው ሲነሣለት ብድግ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ጎን ይነጉዳል። ከወደቀ ደግሞ ጉድ ነው። ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያስረው ገመድ ያኔ አልመጣም፤ ሞገዱ ሰሌዳውን ነጥቆ ዳር ያወጣዋል፣ ባለቤቱ እየዋኘ ይከተላል።

ይህን ሁሉ ያተትኩት በምክንያት ነው። እነዚህ ልጆች በሙቁ ውኃ ላይ ሲስቁ የጋለቡት ሞገድ የተወለደው ሊሄዱበት ባሰቡት በዚያው በደቡቡ የማዕበል ሰፈር ነው። ሰፈሩ አስቀድሞ ሰላምታ ልኮላቸው ነበር ማለት ነው፤ ማን ልብ ብሎ!

ፓናማ ሲደርሱ መንገድ የለም። አላስካን ከአርጀንቲና ያገናኛል የሚባለው ጎዳና ዳሪየን ላይ፣ ጫካና ረግረግ ውስጥ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቋረጣል። እስከ ዛሬም አልተሠራም። ስለዚህ መኪና ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚሻገረው በመርከብ ነው። ተሻገሩ። ፔሩ ድረስ ሞገድ፣ ቺሌ ላይ ደግሞ ያይማ ከተባለው እሳተ ገሞራ ቁልቁል የበረዶ መንሸራተት። ወደ አርጀንቲና ዞረው ፊትዝ ሮይ ሥር ሲደርሱ ዓመቱ ወደ ማለቂያው እያመራ ነበር።

እዚያ ማዕበሉ ያለ መልእክተኛ ጠበቃቸው። ድንኳን የሚቆም አይደለም፤ በረዶ ቆፍረው ዋሻ ገቡ። በጠቅላላው ተራራው ላይ ከቆዩት 60 ቀን ውስጥ 31ዱን ያሳለፉት በበረዶ ዋሻ ነው። ሹናርድ ምድጃ ላይ የሚቀልጥ በረዶ ሲፈልጥ መጥረቢያው ስቶ ጉልበቱን ወጋው። ከዚያ በኋላ ሥራው በጀርባ ተኝቶ፣ ከፊቱ ስንዝር የማትርቀውን የበረዶ ጣሪያ መመልከት ሆነ። ምድጃው ሲለኮስ ጣሪያው ይቀልጥና መኝታቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ የላባ መኝታ ደግሞ አንዴ ከራሰ ሙቀት ብሎ ነገር የለውም። ሠላሳ ዓመት የሞላው እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። ኬክ የለ፣ ሻማ የለ።

ታኅሣሥ ውስጥ ሰማዩ ተከፈተ። አምስቱም ወጡ፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20 ቀን 1968 ጫፉ ላይ ቆሙ። የወጡበት መስመር እስከ ዛሬ የካሊፎርኒያውያን መንገድ ይባላል። ሊቶ የቀረጸው ፊልምም "የማዕበሎች ተራራ" ተብሎ ወጣ። ጥቂት ሰው አየው፣ ከዚያ ተረሳ።

ሹናርድ በ1973 የልብስ ኩባንያ ከፍቶ ፓታጎንያ አለው፤ ልብሱ ላይ የተሰፋችው የተራራ ምስል የፊትዝ ሮይ ነች። ቶምፕኪንስ ከሱዚ ተለያይቶ፣ ከኤስፕሪም ድርሻውን ሸጦ ወደ ቺሌ ጠቀለለ፤ ደን እየገዛ አጥር ያፈርስ ጀመር። ቺሌዎች መጀመሪያ አላመኑትም። ከባሕር እስከ አርጀንቲና ድንበር የሚደርስ መሬት የሚገዛ ፈረንጅ፣ አገሪቱን ለሁለት ሊቆርጣት ነው ተብሎ ታማ። እኔ ብሆንም እጠረጥር ነበር። በዲሴምበር 2015 ጄኔራል ካሬራ ሐይቅ ላይ ከሹናርድና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር ሲቀዝፍ ነፋስ ካያኩን ገለበጠው፤ ቅዝቃዜው ገደለው። 72 ዓመቱ ነበር። ሁለተኛ ሚስቱ ክሪስ፣ ቀድሞ የፓታጎንያ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የነበረችው፣ በ2018 ወደ 400 ሺህ ሄክታር የሚሆነውን መሬት ለቺሌ መንግሥት ለብሔራዊ ፓርክ አስረከበች። ለሐሜቱ መልሱ ያ ነበር።

ፊልሙስ? ያንን የተረሳ ፊልም ጄፍ ጆንሰን የሚባል ተራራ ወጪና ሰርፈኛ አየውና እንቅልፍ አጣ። እሱ በመኪና ሳይሆን በሸራ ጀልባ ልሂድ አለ፤ ታሪኩም በ2010 "180 ዲግሪ ደቡብ" በሚል ፊልም ወጥቷል። መድረሻው ፓታጎንያ ውስጥ ያለው ኮርኮቫዶ ተራራ ነው። መንገድ ላይ፣ ከየብስ ሁሉ ርቀው ሳሉ፣ የጀልባዋ ምሰሶ ተሰበረ። እየተንፏቀቁ ራፓ ኑይ ደሴት ገቡ፤ ምሰሶ እስኪሠራ ጆንሰን እዚያ ሰርፍ ሲያደርግ ከረመ። ቺሌ ሲደርስ ሹናርድና ቶምፕኪንስ ተቀበሉት፣ ተራራው ግን በረዶውን አራግፎ ነበር። ዐለቱን አጣብቆ የሚይዘው በረዶ ሲቀልጥ ድንጋዩ በእጅ ይነቀላል፤ ጫፉ ጥቂት ሲቀረው ተመለሱ። ምሰሶዋ ባትሰበር በጊዜ ደርሶ ይወጣው ይሆናል። የራፓ ኑይን ሞገድ ግን አያገኘውም ነበር።